ማኅተም ያለበት ቆዳ

የትዕዛዙ ጸጉር ቤት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አለፍ ብሎ፣ ሁለት ሱቆች መሐል ተጣብቃ ያለች ቤት ናት። ሦስት ሰው አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ አራተኛው ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚገባው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ከመስታወቱ በቀኝ የንግድ ፈቃድ፣ በግራ ደግሞ ወረቀቱ።

ወረቀቱ ሲባል እንዲሁ ወረቀት አይምሰላችሁ። ትዕዛዙ ከአሥራዎቹ ዕድሜው ጀምሮ ሁለቱም ክርኑና ሁለቱም ጉልበቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጭ እየሆነ የሚላጥ ነገር አለበት። ቤቱን የከፈተ ሰሞን ሰው ይገባና፣ ማሽኑን ሲያነሳ ክርኑን ያይና፣ «ውይ፣ ስልኬን ቤት ረስቼው» ብሎ ይወጣል። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ክፉ ቢናገሩት እኮ ይመልስ ነበር። ስልኩን ለረሳ ሰው ግን ምን ብለህ ትመልሳለህ?

የዛሬ ስድስት ዓመት ባሕር ዳር ሄዶ የቆዳ ሐኪም አየው። ሐኪሙም ጻፈለት፦ ሶሪያሲስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዘር ሊመጣ ይችላል። ከሥር ፊርማ፣ ፊርማው ላይ ክብ ማኅተም። ትዕዛዙ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጠና መስታወቱ አጠገብ ሰቀለው።

ከዛ በኋላ ያለውን ማን ይንገራችሁ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ ማኅተሙን ያያል፣ ቀጥሎ ጽሑፉን ያነባል፣ ከዛ ይቀመጣል። ማንበብ የማይችለው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ያስነብባል። ስልክ መርሳት ቀረ። ጭራሽ ባሰና ቆዳው ላይ አንድ ነገር የወጣበት ሰው ሁሉ ትዕዛዙ ጋ መምጣት ጀመረ። እጅጌውን ይሰበስባል፣ «እስኪ እይልኝ» ይላል። ትዕዛዙም በስልኩ መብራት ጠጋ ብሎ ያያል፣ «ይኼ ችፌ ነው»፣ «ይኼ ቋቁቻ ነው»፣ «ይኼማ የኔው ነው» ይላል። ዶክተር ትዕዛዙ አሉት። መጀመሪያ ሲቀልዱ ነበር፣ ኋላ ግን ቀልዱ ተረሳና ስሙ ቀረ። እሱም ስሙን ወደደው፣ ምን ይደበቃል።

እንግዲህ መስከረም ላይ ግራ ክንዱ ላይ አዲስ ወጣ። ክብ ነው፣ ይላጣል፣ ያሳክካል። «ያው እሱ ነው» አለና የለመደውን ቅባት ቀባው። ሁለት ቀን ቅላቱ ጥፍት ይላል፣ ከዛ ሰፋ ብሎ ይመለሳል። ሃምሳ ሳንቲም የሚያህለው በጥቅምት የብርጭቆ አፍ አከለ። ሸሚዙን ባለ ረጅም እጅጌ አደረገ። ለምን እንዳደረገ ራሱንም አልጠየቀ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሐሪ መጣ። መሐሪ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፣ የጅጋ ልጅ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ዝም ማለት ስለማይችል ትዕዛዙ ማሽኑን እያነሳ ስቆ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። የዛን ቀን ግን ዝም ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ከኋላ በኩል እስኪ እይልኝ» አለው።

ትዕዛዙ መብራቱን አበራ። ከማጅራቱ ላይ፣ ማሽኑ ሁሌ የሚያርፍበት ቦታ፣ ክብ ነገር አለ።

«ይኼማ የኔው ነው።»

«በለኛ። ካንተ እንዳልል ወረቀትህ አይተላለፍም ይላል።»

«አይተላለፍም።»

«ስለዚህ ከዘሬ ነው» አለ መሐሪ፣ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው። «ከሁለት አንዱ ነው፣ አንዱ ከወደቀ ሌላው ይቀራል።»

ትዕዛዙ ምን አደረገ፣ ከራሱ ቅባት ግማሹን በትንሽ ዕቃ ጨልፎ ሰጠው። ከልቡ ነው የሰጠው። ክፋት የለበትም፣ ያን ቀን።

መሐሪ ጥር ላይ ሊያገባ ነበር። እጮኛው ሳሌም ቡሬ ናት ያለችው። ቤተሰቦቿ የዋዛ አይደሉም፤ ሽማግሌ የሄደ ጊዜ ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው፣ «በዘራችሁ የቆዳ ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። የመሐሪ አጎት አያ አድማሴ ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የለም» ብለው ምለዋል። ይኼንን ፍኖተ ሰላም ያለ ሁሉ ያውቃል፣ መሐሪ ራሱ ነው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ያወራው።

ኅዳር ሲገባ የመሐሪ ማጅራት ወደ ጆሮው ተሻገረ። መሐሪ ሐኪም ቤት አልሄደም። ለምን ይሄዳል፣ ዶክተር ትዕዛዙ አይቶለታል። ስልኩ ላይ ሶሪያሲስ ብሎ ቢፈልግ የሚመጣው ፎቶ ሁሉ የሱን አንገት ይመስላል። ሁሉም ቦታ ደግሞ ይጠፋል ሳይሆን አብሮ ይኖራል ነው የሚለው። ለእናቱ ለእትዬ ንግሥቴ ቢነግራቸው፣ «ከአባትህ ወገን ነው» አሉ። የአባቱ ወገን ሰማና «ከእሷ ነው» አለ። አንድ ረቡዕ መሐሪ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ቅዳሜ አያ አድማሴ ቡሬ ይሄዳሉ። ነገሩን ያፈርሱታል።»

«የቱን ነገር?»

«ሠርጉን ነዋ። ሰውዬው በኔ ምክንያት በሐሰት ምለዋል። እኔ ደግሞ ይኼን ይዤ የሰው ልጅ አላታልልም።»

«ለሳሌም ነግረሃታል?»

«ብነግራት ግድ የለም ትለኛለች። እሷ ግድ የለም ስትል እኔ እሺ እላለሁ። ለዛ ነው ያልነገርኳት።»

ትዕዛዙ ያን ሌሊት ክንዱን እያየ አደረ። አንድ ነገር አልዋጥ አለው። የክርኑ ግራና ቀኝ እኩል ነው፣ ሁሌም እኩል ነበር። የክንዱ ግን በግራ ብቻ ነው። በዛ ላይ መሐሉ እየጠራ ዳር ዳሩ ብቻ ከፍ ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱን ዘግቶ ቡሬ ሄደ። ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተራ ሲጠብቅ የማያውቀው ሰው ነው የጠፋው ቢባል ይሻላል፣ ሁሉም ደንበኛው ነዋ። ቡሬ አንዲት የግል ክሊኒክ ገባ። ያየችው ሐኪም ወለተሥላሴ ትባላለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ የምትፈልግ ዓይነት ሴት።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው።

«እህል ነጋዴ ነኝ።»

ከአንገትጌው ላይ አንዲት አጭር ጸጉር በሁለት ጣቷ አነሣች። ከትከሻው ላይ ሌላ። «እህልህ ጸጉር ያበቅላል?»

ትዕዛዙ ሳይወድ ሳቀ። ነገራት። ስልኩ ላይ ያለውን የወረቀቱን ፎቶና የሚቀባውን ቅባትም አሳያት።

«ክርንህን ልየው። አዎ፣ ይኼ ሶሪያሲስ ነው፣ ወረቀትህ ልክ ነው። አሁን ክንድህን።» ወደ መስኮቱ ሳበችው። «ይኼስ?»

«ያው ነው ብዬ…»

«ይመስላል። ለመምሰል ስንቱ ይመስላል። እንደ ሳንቲም ክብ የሚሆን ችፌ አለ፣ እሱ ግን ውኃ ያዝላል። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወጥቶ፣ ኋላ ጀርባ ላይ ትንንሾቹን የሚዘራና በወር በሁለት ወሩ ራሱ የሚጠፋ አለ። ቂጥኝ ሳይቀር እሱን መስሎ ይመጣል። ሥጋ ደዌም ያሳስታል፣ ግን እሱ ሲነካ አይሰማም።» ጥጥ አሹላ ክቡን ነካችው። «ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«ጥሩ።» ምላጭ አመጣች። የክቡን ዳር ፋቅ ፋቅ አድርጋ ዱቄቱን መስታወት ላይ አራገፈች፣ ጠብታ ጨመረችበት፣ ይዛው ገባች። ትዕዛዙ ግማሽ ሰዓት ግድግዳ ሲያይ ቆየ። ስትመለስ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

«ፈንገስ ነው። ጭርት።»

«ሶሪያሲሱስ?»

«እሱም አለህ። አንድ ሰው ሁለት ነገር አይይዘውም ያለህ ማን ነው? ይቺ ቅባት ለክርንህ ጥሩ ናት። ጭርት ላይ ስትቀባት ግን ቅላቱን ትደብቃለች፣ ፈንገሱ ደግሞ የሚከለክለው ሲያጣ ይሰፋል። ለዛ ነው መልኩ የጠፋው። ለሌላ ሰው ሰጥተሃል?»

«አልሰጠሁም።»

«ጭርት ይተላለፋል፣ ታውቃለህ አይደል? በፎጣ፣ በማበጠሪያ፣ በማሽን። ግን ይድናል። ኪኒኑን ሳታቋርጥ ዋጥ፣ ይኼን ተቀባ። ማሽንህን ፈታተህ በደንብ አጽዳ። ክንድህ እስኪደርቅ ደግሞ ሰው አትንካ። የነካኸውም ይታይ። ከማን እንደመጣብህ አላውቅም። ወደ ማን እንደሄደ ግን አንተ ታውቃለህ።»

ሲመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ጉልበቱ ሥር ጆንያ፣ በቀኙ መስኮት፣ በግራው የማያውቃት ሴት ክንዷን ክንዱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ክንዷ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እሱ ወደ ታች ይጎትታል። መንገዱን ሙሉ ሲጎትት ሄደ።

ምን ብሎ ይንገር? «ክርኔ አይተላለፍም፣ ክንዴ ይተላለፋል» ይበል? ሰው «ይተላለፋል» የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላውን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ስድስት ዓመት ወረቀት እያሳየ አስቀምጧቸው አሁን ተነሡ ቢላቸው፣ ወረቀቱም ውሸት ነበር ነው የሚሉት። ክርኑም እንደገና የሚያስፈራ ክርን ይሆናል። ዝም ካለ ደግሞ መሐሪ አለ። የሁለት ወር ኪኒን የሚያድነውን ነገር ለልጅ ልጅ አወርሳለሁ ብሎ ሠርጉን ሊያፈርስ ነው።

ዓርብ ቤቱን ከፈተ። መክፈት አልነበረበትም። ሐኪሟ የነገረችውን ማሽኑን አልኮል አፍስሶ በእሳት በማቃጠል፣ ሁለት ጊዜ በማቃጠል፣ ጓንት በማድረግ የፈጸመው መሰለው። ጓንቱን ያዩ «አደግክ እኮ ዶክተር» አሉት። ለመሐሪ ማታ እደውልለታለሁ አለ። ማታ ደግሞ ጠዋት ይሻላል አለ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከጠዋቱ ጀምሮ አግዳሚው ሞላ። ወንበሩ ላይ አያ ቸኮለ ተቀምጠዋል፣ ከገጠር የመጡ፣ በርበሬ የሚሸጡ ሰውዬ። የራሳቸው ግማሽ ተቆርጧል፣ ግማሹ ይቀራል። ይኼን ጊዜ መሐሪ ገባ፣ ተራ ይዞ ሳይሆን እንዲሁ። በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ቤት መቀመጥ አቃተኝ» አለ።

«አያ አድማሴስ?»

«መናኸሪያ ናቸው። ሚኒባሱ ሦስት ሰው ነው የቀረው።»

ማሽኑ ትዕዛዙ እጅ ላይ ነዘረ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰው አለ። እንግዲህ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል፣ እዚሁ አድጎበታል፤ ነገርን አዙሮ መናገር፣ የሚገባው እንዲገባው፣ ሌላው እንዳይሰማ።

«አንተ መምህር፣ ሁለት ነገር አንድ መልክ ሊኖረው ይችላል፣ አይደል?»

«ይችላል።»

«አንዱን አይተህ ሌላውን ነው ብትል ሒሳቡ አይበላሽም?»

መሐሪ ፈገግ አለ፣ ከልቡ አይደለም። «ገብቶኛል ትዕዛዙ። እሷም እኔን የሚመስል ሌላ ሰው ታገኛለች ነው የምትለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እሱን አይደለም የምልህ።»

«ግድ የለም። ያንተ ዓይነት ሰው ባይኖር እንዴት እችለው ነበር? ይዘኸው ስትኖር እያየሁ አይደል የተጽናናሁት።»

አግዳሚው ላይ ካሉት አንዱ፣ «እውነቱን ነው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚችል» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ቸኮለ በመስታወቱ ውስጥ ትዕዛዙን ያዩታል። ትዕዛዙም በመስታወቱ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉም ደግሞ እሱን። የሚዞርበት አልነበረም። የመሐሪ ስልክ ጮኸ። አነሣው። «አቤት አያ… ሞላ? እሺ። በሰላም ግቡ።» ዘጋው።

ትዕዛዙ ማሽኑን አጠፋው።

«ከኔ ነው የያዘህ» አለ።

«ምኑ?»

«አንገትህ። ሶሪያሲስ አይደለም፣ ጭርት ነው። ከኔ ክንድ ነው፣ በዚህ ማሽን። ከዘርህ አይደለም። ኪኒን አለው፣ ይድናል። የሰጠሁህ ቅባት ነው ያባሰው።» እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ አሳየ። «ይኼ የድሮው ነው፣ አይተላለፍም። ይኼ ግን ሌላ ነው።»

መሐሪ ክንዱን አየ። ከዛ ማጅራቱን በእጁ ያዘ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

መሐሪ ስልኩን አወጣና ደወለ።

«አያ፣ የት ደረሳችሁ?… ይውረዱ። ከመኪናው ይውረዱ ነው የምልዎ።… ኧረ አልታመምኩም። አያ ይስሙኝ፣ ከዘራችን አይደለም። ጭርት ነው።… ጭርት፣ ጭርት።… አዎ፣ ጥጃ ላይ የሚወጣው።»

ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌ ሳቅ ፈነዳ፣ አግዳሚው ድረስ ተሰማ። ሳቁ ሲቆም ለሾፌሩ «አቁም» የሚል ድምፅም ተሰማ። መሐሪ ግን አልሳቀም። ስልኩን ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ቆመ።

«የሐሙሱን ይቅር እልሃለሁ መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ፈርተሃል። የዓርቡን ግን እንጃ። ዓርብ ስንት ሰው ቆረጥክ?»

«ዘጠኝ።»

መሐሪ ወጣ። ከሱ በኋላ አግዳሚው ላይ ያሉት ተነሡ፣ አንድ በአንድ፣ በጨዋ ደንብ። «በል እንግዲህ፣ ገበያው ሳይበተን።» «እኔም ሰው ቀጥሬ።» «እግዜር ይማርህ።» ሦስተኛው የበሩን እጀታ በሸሚዙ ጫፍ ይዞ ነው የዘጋው።

አያ ቸኮለ ብቻ ቀሩ። ጨርቁ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ፣ ከራሳቸው ግማሽ በኩል ጸጉር፣ ከግማሽ በኩል ባዶ።

«እኔንስ ምን ልታደርገኝ ነው?» አሉት።

«በዚህ ማሽን አልነካዎትም አያ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዛ ማዶ ሌላ ጸጉር ቤት አለ።»

«ግማሽ ራስ ይዤ መንገድ ላቋርጥ? በርበሬ የሚገዛኝ ሁሉ ሊስቅብኝ?»

«ባርኔጣዬን ልስጥዎት?»

«ያንተን ባርኔጣ?» አሉና ዓይኑን ዓይኑን አዩት። ትዕዛዙም የተናገረውን ሰምቶ ጭንቅላቱን ያዘ። አያ ቸኮለ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ተወው። እቀመጣለሁ። እንዲያው ጥጃዬን ሳሽ ስንት ዘመኔ፣ እስካሁን ካልያዘኝ። አንተ ግን ምን እያደረግህ ትቆማለህ?»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሐኪም የሚሉህ አንተን ነው። ያ የኛ ሰፈር ወንዳወቅ እንኳ ካንተ ነው የተቆረጠው። ኮፍያ ሳያወልቅ ሁለት ሳምንቱ።»

ትዕዛዙ ጓንቱን አወለቀ። እጁን በሳሙና እስከ ክንዱ ታጠበ፣ አደረቀ፣ ፎጣውን ለብቻው በፌስታል ቋጠረው። ወንበሩ ላይ አያ ቸኮለ ስላሉ የሚቀመጥበት አልነበረም፤ ባዶው አግዳሚ ላይ ደንበኛ እንደሚቀመጠው ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ከመስከረም ወዲህ የቆረጣቸው ስንት ይሆናሉ? ስማቸው የተመዘገበም አለ፣ «ቀዩ ሾፌር» ተብሎ የተጻፈም አለ። ወንዳወቅን አገኘው። ደወለ።

«ወንዳወቅ፣ እንዴት ነህ? ትዕዛዙ ነኝ፣ ከጸጉር ቤት።… ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስማኝማ፣ ራስህ ላይ የወጣ ነገር አለ?»

አያ ቸኮለ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ።

«አንተ ጋ ልመጣ እኮ ነበር» አለ ወንዳወቅ። «እንድታይልኝ።»